«ልብስ ሰፊዋ»፦ በቀል፣ ፋሽንና የአንዲት ትንሽ ከተማ ጭካኔ

የታሪክ መምህራን ስንገናኝ ብዙ ጊዜ የምናነሣው አንድ ችግር አለ። ተማሪው ያለፈውን ዘመን የሚያውቀው ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ ካየው ፊልም ነው። ስለዚህም አንዳንዶቻችን ፊልምን የታሪክ ትምህርት ጠላት አድርገን እንቆጥረዋለን። ይህ አስተያየት ግን ትክክል አይመስለንም። ፊልም ራሱ ታሪክ አይደለም፤ የታሪክ ጥያቄ ግን ሊያስነሣ ይችላል። ጥያቄው ከተነሣ መልሱን ከሕግ፣ ከገበያ ዋጋ፣ ከመንግሥት ሰነድና ከሰዎች ምስክርነት መፈለግ የመምህሩና የተማሪው ፋንታ ነው።

ለዚህ ምሳሌ ይሆነን ዘንድ አንድ የአውስትራልያ ፊልም መርጠናል። ፊልሙ አንዳንዴ የሚያስቅ ቢሆንም በመሠረቱ ጨለማ የሞላበት ነው። የሚናገረውም ስለ በቀል፣ ስለ ልብስና በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ስለሚፈጸም ጭካኔ ነው። ከዚህም በላይ ለእኛ ለመምህራን ልዩ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም የበደሉ ሁሉ መነሻ የሆነው ነገር የተፈጸመው በትምህርት ቤት ውስጥ ሲሆን፣ በደሉን ያጸናችውም መምህርት ነች። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ታሪኩ ባጭሩ

የፊልሙ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ልብስ ሰፊዋ» ማለት ነው። ለሕዝብ የቀረበው በ2015 ሲሆን አዘጋጇ ጆስሊን ሙርሃውስ ነች። መነሻው ሮዛሊ ሃም የተባለች አውስትራልያዊት ደራሲ በ2000 ያሳተመችው ልብ ወለድ ነው። ደራሲዋ ያደገችው በኒው ሳውዝ ዌልስ ገጠር ጀሪልደሪ በምትባል ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ እናቷም ልብስ ሰፊ ነበሩ። እንግዲህ ስለ ትንሽ ከተማና ስለ መርፌ የጻፈችው ከሩቅ ሰምታ አይደለም።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1951 ነው። ቲሊ ደኔጅ የተባለች ሴት (ኬት ዊንስሌት) የልብስ ስፌት መኪናዋን ይዛ በሌሊት ወደ ትውልድ ከተማዋ ወደ ደንጋታር ትመለሳለች። ደንጋታር በልብ ወለዱ የተፈጠረች፣ በስንዴ እርሻ መካከል የተቆረቆረች ጥቂት ቤቶች ያሏት ከተማ ነች። ቲሊ ገና ልጅ ሳለች «አብሮሽ የሚማረውን ልጅ ገድለሻል» ተብላ፣ ከእናቷ ተነጥላ ከከተማው እንድትወጣ ተደርጋለች። ከሃያ ዓመት በላይ በውጭ ስትኖር በአውሮፓ ታላላቅ የልብስ ቤቶች የስፌት ጥበብ ተምራለች። የመጣችውም በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የታመሙትን እናቷን ለማስታመም ነው፤ ሁለተኛው በዚያች ቀን በእርግጥ ምን እንደ ተፈጸመ ለማወቅ ነው። እሷ ራሷ አታስታውሰውምና።

እናትየው ሞሊ (ጁዲ ዴቪስ) ከከተማው ወጣ ብሎ በኮረብታ ላይ ባለ ጎጆ ውስጥ፣ በቆሻሻ ተከበው፣ «እብዷ ሞሊ» እየተባሉ ይኖራሉ። የከተማው ሰው ቲሊንም ገና ስትመጣ «ነፍሰ ገዳይ» እያለ ያንሾካሹክባታል። ይሁንና አንድ ቀን በእግር ኳስ ግጥሚያ ላይ ቀይ ቀሚስ ለብሳ ብቅ ስትልና ተጫዋቾቹ ኳሱን ትተው እሷን ማየት ሲጀምሩ፣ የከተማው ሴቶች አንድ ነገር ይገባቸዋል። እየናቋትም ቢሆን ልብስ እንድትሰፋላቸው ይመጣሉ። የሱቅ ነጋዴው ልጅ ገርትሩድ በቲሊ እጅ የተሰፋ ልብስ ለብሳ የሀብታም ልጅ ታገባለች። ከዚያ በኋላ ግን ያው ሕዝብ ሌላ ልብስ ሰፊ አስመጥቶ ቲሊን ለመጣል ይሞክራል።

በመጨረሻ እውነቱ ይገለጣል። ስቱዋርት የተባለው ልጅ ቲሊን ሁልጊዜ የሚያሰቃያት ልጅ ነበር። በዚያች ቀንም እንደ ኮርማ አንገቱን ደፍቶ ሆዷን ሊወጋት ሲሮጥባት እሷ ዘወር አለች፤ እሱ ከግድግዳ ጋር ተላትሞ አንገቱ ተሰበረና ሞተ። ልጅቷ ከመሸሽ በቀር ያደረገችው ነገር አልነበረም። የሟቹ አባት የከተማው ምክር ቤት ሹም ኢቫን ፔቲማን ነው። ይኸው ሰው የቲሊም አባት ሆኖ ተገኘ፤ ሞሊን አስረግዞ የካደ እሱ ነበር።

እውነቱ ቢታወቅም መከራው አላበቃም። ቲሊን የወደዳት ቴዲ የተባለው ወጣት እርግማን የሚባል ነገር እንደሌለ ለማሳየት ሲል ከእህል ጎተራ ውስጥ ዘልሎ ይገባል። ስንዴ መስሎት ነበር፤ ጎተራው ግን ማሽላ ነበረበት። ማሽላ ፍሬው ክብና አንሸራታች ስለሆነ ሰው አይሸከምም፤ ቴዲ ሰምጦ ታፍኖ ይሞታል። እናትየውም ይሞታሉ። ያን ጊዜ ቲሊ፣ የከተማው ሕዝብ ለቴአትር ውድድር ወደ ሌላ ከተማ በሄደበት ሰዓት፣ በቤቷ ላይ እሳት ለኩሳ፣ ደንጋታርን አቃጥላ በባቡር ትሄዳለች።

፪. ዘመኑ ምን ዘመን ነበር?

1951 ለአውስትራልያ ገጠር ተራ ዓመት አልነበረም። በሰኔ 1950 የኮርያ ጦርነት ሲጀመር ለወታደር ልብስ የሚሆን ሱፍ በዓለም ገበያ ተፈለገ፤ ዋጋውም ባንድ ጊዜ ሰማይ ወጣ። በዚያን ጊዜ በአገሩ ከ100 ሚሊዮን በላይ በጎች ነበሩ። ሰዎች «አንድ ፓውንድ በአንድ ፓውንድ» ይሉ ነበር። ይህም ማለት ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ሱፍ በአንድ ፓውንድ ገንዘብ ተሸጠ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ገበሬዎችና ከገበሬ ጋር የሚነግዱ ባለሱቆች ድንገት ገንዘብ አገኙ።

ከዚህ በፊት የነበሩት ዓመታት ግን የችግር ዓመታት ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት የአውስትራልያ መንግሥት ከሰኔ 1942 ጀምሮ ልብስን በኩፖን አደለ። በመጀመሪያ ለአንድ አዋቂ የተፈቀደለት በዓመት 112 ኩፖን ነበር። አንድ ሰው ገንዘብ ቢኖረውም ኩፖኑን ከጨረሰ ልብስ መግዛት አይችልም። ሴቶች የባላቸውን አሮጌ ኮት ፈትተው ቀሚስ ያደርጉ፣ መጋረጃ ቆርጠው ለልጅ ልብስ ይሰፉ ነበር። ይህ እደላ የቆመው በ1948 ነው።

እንግዲህ ቲሊ የስፌት መኪናዋን ይዛ ስትደርስ የደንጋታር ሴቶች ለስድስት ዓመት ያህል ጨርቅ የተራቡ፣ አሁን ደግሞ ገንዘብ ማየት በጀመረ አገር የሚኖሩ ነበሩ። ጥላቻቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ኮረብታው የወጡት ለምን እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

፫. ልብስ ሲባል ምን ማለት ነበር?

ቲሊ የምትሰፋው የፓሪስን ፋሽን ነው። በየካቲት 12 ቀን 1947 ክርስቲያን ዲዮር የመጀመሪያ የልብስ ትርዒቱን በፓሪስ አሳየ። የልብስ ቤቱን ያቋቋመለት ማርሴል ቡሳክ የተባለ የጨርቅ ፋብሪካዎች ባለቤት ነበር። ዲዮር ያመጣው ቀሚስ ወገቡ የጠበቀ፣ ከወገብ በታች ሰፋ ብሎ የሚወርድ፣ ብዙ ሜትር ጨርቅ የሚፈጅ ነበር። በጦርነቱ ዘመን አጭርና ቀጥ ያለ ልብስ ለለበሰች ሴት ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። «አዲሱ መልክ» የሚል ስምም ተሰጠው። ልብስ እስከ 1949 በኩፖን ይታደልባት በነበረችው እንግሊዝ ግን ብዙ ሰው «ይህን ያህል ጨርቅ ማባከን ነውር ነው» ብሎ ተቃወመ። የጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ጨርቅ የሚፈጅ ፋሽን ለምን እንደ ደገፈ ተማሪዎች ራሳቸው ሊመልሱት የሚችሉት ጥያቄ ነው። በ1948 የዲዮር ልብሶች በሲድኒ ከተማ በአንድ ትልቅ መደብር ለሕዝብ ታዩ። ስለዚህ የፓሪስ ወሬ አውስትራልያ ደርሶ ነበር፤ ገጠር ድረስ ግን ሰፍቶ የሚያደርሰው እጅ አልነበረም።

ልብስ በትንሽ ከተማ ውስጥ ገላ መሸፈኛ ብቻ አይደለም፤ የማዕርግ ምልክትም ነው። ማን ከማን እንደሚበልጥ፣ ማን ለማን እንደሚታጭ፣ ማን ከፊት እንደሚቀመጥ ከሩቅ የሚነገረው በልብስ ነው። ፊልሙ ይህን በገርትሩድ ላይ በደንብ ያሳየናል። ልጅቷ ልብሷን ስትቀይር ደረጃዋም ተቀየረ። ነገር ግን ልብሱ ልቧን አልቀየረውም። የሀብታም ሚስት ከሆነች በኋላ ልብሱን ለሰፋችላት ሴት ውለታ መላሽ አልሆነችም።

ልብሱን ለመልበስ ሰፊዋን ማክበር አላስፈለጋቸውም። እጇን ይፈልጋሉ፤ እሷን አይፈልጉም። በቀን ልክ ያስለካሉ፤ በማታ ያሟታል።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችንም ሸማኔው የሠራውን ጥበብ ለብሶ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ በቀጠቀጠው ማረሻ እያረሰ ብረት ሠሪውን «ጠይብ»፣ በጫማውና በኮርቻው እየተጠቀመ ቆዳ ሠሪውን «ፋቂ» እያለ የሚሳደብ ሰው ብዙ ነበር። ከስድብም አልፎ «ቡዳ ነው» ይባል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. (እንደ እኛ አቆጣጠር) ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያመለክታል። በደንጋታር «እርግማን አለባት» የተባለችው ልብስ ሰፊና በእኛ አገር «ዓይኑ ይበላል» የተባለው ባለ እጅ፣ ባሕር ቢለያቸውም፣ የደረሰባቸው ነገር አንድ ዓይነት ነው። ሰው ያለ እሱ መኖር የማይችለውን ሰው ሲንቅ፣ ለንቀቱ ምክንያት መፍጠር አለበት፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ እርግማን ይባላል።

፬. ያላገባች እናትና ልጅዋ

ፊልሙ የሚያሳየው ሌላው ጭካኔ በሞሊ ላይ የደረሰው ነው። ጥፋቷ ምን ነበር? ሳታገባ መውለዷ ብቻ ነው። ያስረገዛት ሰው ግን የከተማው ሹም ሆኖ፣ ሚስት አግብቶ፣ ተከብሮ ኖረ። ልጅዋም «ዲቃላ» ተብላ ተሰደበች።

ይህ በደራሲዋ የተፈጠረ ማጋነን አለመሆኑን ሕጉን ስንመለከት እንረዳለን። የአውስትራልያ መንግሥት በ1942 ባላቸው ለሞተባቸው ሴቶች ጡረታ ሲሰጥ፣ ባል ጥሏቸው ለሄደ ሚስቶችም ፈቅዶ ነበር፤ ሳያገቡ የወለዱ እናቶች ግን አልተካተቱም። እነሱ የራሳቸው ድጎማ ያገኙት በ1973 ነው። ፊልሙ በተቀረጸበት በቪክቶሪያ ክፍለ ሀገርም ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ከሌላው ልጅ እኩል መብት እንዲኖረው የሚያደርግ ሕግ የወጣው በ1974 ነው። እንግዲህ በ1951 ሞሊን የናቀው ሐሜተኛ ጎረቤት ብቻ አልነበረም። ሐሜቱ ሕግ ደጋፊ ነበረው። የገጠር ከተማ ሰው ክፉ ስለሆነ ብቻ ይህ ሆነ ብለን ብናስተምር ታሪኩን ግማሹን እንተወዋለን።

፭. የመምህርቷ ምስክርነት

አሁን ወደ እኛ ወደ መምህራን ጉዳይ እንምጣ። ስቱዋርት በሞተበት ጊዜ የትምህርት ቤቱ መምህርት ያልሆነውን ሆነ ብላ፣ ቲሊን ነፍሰ ገዳይ አድርጋ መሰከረች። ቃሏ በፖሊስ መዝገብ ተጻፈ። አሥር ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ቃልና የመምህርት ቃል በሚዛን ሲቀመጡ የትኛው እንደሚመዝን የታወቀ ነው። የልጅቷ እናት ያላገቡ ድሀ፣ የሟቹ አባት ሹም መሆናቸው ደግሞ ሚዛኑን አስቀድሞ አጋድሎታል።

ፖሊሱስ ምን አደረገ? ሳጅን ፋራት (ሂዩጎ ዊቪንግ) በመሠረቱ ደግ ሰው ነው። ነገር ግን እሱም በምስጢር የሚይዘው ነገር አለ፤ የሴቶችን ልብስና ጨርቅ አብዝቶ ይወዳል። ይህ ቢታወቅበት በዚያ ዘመን ሥራውንም ክብሩንም እንደሚያጣ ያውቃል። ሹሙ ይህን ምስጢር ይዞበታል። ስለዚህ ደጉ ፖሊስ ልጅቷን ከእናቷ ነጥሎ ላካት። ክፉ ሰው ብቻውን ብዙ ክፋት መሥራት አይችልም፤ የሚፈሩ ደጋግ ሰዎች ሲያግዙት ግን ይችላል።

እውነቱን ያየው ሌላ ሰው ነበር። የቴዲ ወንድም ባርኒ ከከፍታ ላይ ሆኖ ሁሉንም ተመልክቷል። ባርኒን ግን የከተማው ሰው «አእምሮው ዘገምተኛ ነው» ብሎ ይንቀዋል፤ ቤተሰቡም ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ የሚኖር ድሀ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ማንም አልጠየቀውም። ከሃያ ዓመት በላይ እውነቱን ይዞ በከተማው መካከል ሲመላለስ «አንተስ ምን አየህ?» ያለው አንድ ሰው አልነበረም።

ይህ ነጥብ ለእኛ ከባድ ነው። በየክፍላችን የሚደባደቡ ልጆች አሉ፤ የሚከሰሱና የሚከሱ አሉ። መምህሩ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዳኛም፣ ምስክርም፣ ጸሐፊም ይሆናል። በዚያች አምስት ደቂቃ የምንጽፈው ቃል ከልጁ ጋር ዕድሜውን ሙሉ ሊሄድ ይችላል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ በመዝገብ የተጻፈማ ከአፋፍም አልፎ ይሄዳል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን፣ ሲናገር የሚንተባተበውን፣ ልብሱ የተቀደደውን ልጅ ሳንጠይቅ የምንፈርደው ፍርድ ፍርድ አይደለም።

፮. በቀሉ ምን አተረፈ?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ቲሊም አልረሳችም። ተመልካቹ ደንጋታር ስትቃጠል ደስ ይለዋል፤ ፊልሙም እንዲህ እንዲሰማን አድርጎ ተሠርቷል። ነገር ግን የታሪክ ተማሪ ደስታውን ጥቂት ገታ አድርጎ መጠየቅ አለበት። እሳቱ ምን መለሰ? ቴዲን አላስነሣም፤ እናትየውንም አላስነሣም። የመምህርቷን የሐሰት ቃል አልሰረዘም። መዝገቡም ከከተማው ጋር ቢቃጠል፣ ሐሰቱ የተጻፈበት ወረቀት ጠፋ እንጂ እውነቱ በምትኩ አልተጻፈም።

ቲሊ ለምን ወደ እሳት እንደ ሄደች ግን ይገባናል። አቤት የምትልበት በር ሁሉ ተዘግቶ ነበር። ትምህርት ቤቱ በሐሰት መስክሮባታል። ፖሊሱ በፍርሃት ታስሯል። ምክር ቤቱ በጠላቷ እጅ ነው። ጎረቤቱ ሐሜተኛ ነው። የፍትሕ በር በተዘጋበት ቦታ በቀል መስኮት ሰብሮ ይገባል። በቀልን ማውገዝ ቀላል ነው፤ በሩን ማን ዘጋው ብሎ መጠየቅ ግን የበለጠ ይጠቅማል።

በእውነተኛው የአውስትራልያ ታሪክ ውስጥ የሆነው ግን ከፊልሙ የተለየ ነው። በዚያ አገር በሃያኛው መቶ ዓመት 500,000 ያህል ልጆች ከቤተሰብ ተለይተው በልጆች ማሳደጊያዎችና መሰል ቦታዎች አድገዋል። ብዙዎቹ ተደብድበዋል፣ ተርበዋል፣ ተዋርደዋል። እነዚህ ልጆች አድገው ከተማ አላቃጠሉም፤ ተናገሩ። የአገሪቱ ሴኔት ኮሚቴ ቃላቸውን ሰብስቦ በ2004 ሪፖርት አወጣ። በኅዳር 16 ቀን 2009 ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ረድ በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። እንደዚሁም ሳያገቡ በመውለዳቸው ልጆቻቸውን በግድ የተነጠቁ እናቶች ለሌላ ሴኔት ኮሚቴ ቃላቸውን ሰጡ፤ ሪፖርቱ በ2012 ወጣ፤ በመጋቢት 21 ቀን 2013 ጠቅላይ ሚኒስትር ጁሊያ ጊላርድ ይቅርታ ጠየቁ። የሞሊ ዓይነት እናቶች በሕይወት ቆይተው በአደባባይ «በደላችሁ አልነበረም፤ በደሉ የእኛ ነበር» የሚል ቃል የሰሙት ያን ጊዜ ነው።

ይቅርታው በጣም ዘግይቷል፤ ብዙዎቹም ሳይሰሙት ሞተዋል። ቢሆንም በመዝገብ ላይ ያለው ቃል ተለወጠ። እሳት ያላደረገውን ምስክርነት አደረገው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው ምሳሌ የሚሠራው ግን ሲናገሩና ሲያዳምጡ ነው፤ ዝም ከተባለ ንጋት ይመጣል፣ እውነት ግን ላይመጣ ይችላል።

፯. ፊልሙ ያላሳየው

አንድን ፊልም በታሪክ ዓይን ስንመረምር የሚያሳየውን ብቻ ሳይሆን የማያሳየውንም መጠየቅ ይገባናል። በ«ልብስ ሰፊዋ» ውስጥ የአገሩ ጥንታዊ ነዋሪዎች የሆኑት አቦሪጂኖች ስፍራ አልተሰጣቸውም ማለት ይቻላል። በ1951 ግን በአውስትራልያ ገጠር ነበሩ። ልጆቻቸው በመንግሥት ፖሊሲ ከወላጆቻቸው ይነጠቁ ነበር። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የአገሩ ሕዝብ ሲቆጠር እንዳይቆጠሩ የሚያደርገው አንቀጽ የተሰረዘው በ1967 በሕዝበ ውሳኔ ነው። ስለ ተነጠቁት ልጆች መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በየካቲት 13 ቀን 2008 ነው። እንግዲህ ስለተገለሉ ሰዎች የተሠራ ፊልም ራሱ ከሁሉ ይበልጥ የተገለሉትን ረስቷል። ይህን የምንለው ፊልሙን ለማጣጣል አይደለም። ተማሪዎች ማንኛውንም ሥራ ሲያዩ «እዚህ ቤት ውስጥ ማን የለም?» ብለው የመጠየቅ ልማድ እንዲኖራቸው ነው።

፰. በክፍል ውስጥ

ፊልሙ ግድያ፣ የባልና ሚስት ጠብና ለልጆች የማይገቡ ትዕይንቶች ስላሉበት እንዳለ ለክፍል ማሳየት የሚመከር አይደለም። መምህሩ ታሪኩን ከላይ እንዳደረግነው ባጭሩ ተርኮ ውይይት ቢከፍት ይበቃል። የታሪክ መምህር ስለ ጦርነቱ ዘመን ኩፖንና ስለ ሱፍ ዋጋ፣ የሥነ ዜጋ መምህር ስለ ምስክርነትና ስለ ሕግ፣ የእጅ ሥራ መምህር ስለ ስፌት ሙያ ክብር ሊያነሡ ይችላሉ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች ቀጥሎ ቀርበዋል።

1ኛ. የደንጋታር ሴቶች የናቋትን ሴት ልብስ ለመልበስ የፈለጉት ለምንድን ነው? በምትኖሩበት አካባቢ ሥራው ተፈልጎ ሠሪው የሚናቅበት ሙያ አለ? ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉ።

2ኛ. መምህርቷ፣ ፖሊሱና ሹሙ በደሉን አብረው ሠሩት። የእያንዳንዳቸው ጥፋት እኩል ነው? ምክንያታችሁን ስጡ።

3ኛ. ባርኒ እውነቱን እያወቀ ያልተጠየቀው ለምንድን ነው? በክፍላችሁ ውስጥ ያልተጠየቀ ሰው ማን ነው?

4ኛ. ቲሊ ከማቃጠል ሌላ ምን ማድረግ ትችል ነበር? መልሳችሁ በ1951 የነበረውን ሕግና ልማድ ያገናዘበ ይሁን።

በአራተኛው ጥያቄ ላይ ተማሪዎች መጨቃጨቃቸው የማይቀር ነው። ይጨቃጨቁ። መምህሩ ግን ፈጥኖ መልስ እንዳይሰጣቸው እናሳስባለን። በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ደግሞ ዝምታ ከሆነ፣ መምህሩ ያን ዝምታ ልብ ብሎ ይያዘው፤ ከክፍሉ ሲወጣም ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን ልጅ ለብቻው ጠርቶ «አንተስ ምን አየህ?» ይበለው።